ፎርማት ጥገና አይደለም

የቢሮ ኮምፒውተር ዕድሜው ገፍቶ መንቀርፈፍ ሲጀምር የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»። ፍርዱን ለመስጠት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ትሰጠዋለች፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ይሰጠዋል፣ ለበዓል የመጣ የአክስት ልጅም ይሰጠዋል። ሲበራ ብዙ ደቂቃ ከፈጀ ፎርማት፤ በሥራ መሃል ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ከጠፋ ፎርማት፤ ቀኑ በየጠዋቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ካስቸገረም ያው ፎርማት። የተለያየ መንስኤ ላላቸው ችግሮች ሁሉ አንድ መድኃኒት ሲታዘዝ ጥርጣሬ ማሳደር ነበረበት፤ ግን አላሳደረም። እንዲያውም ልማዱ የጥንቃቄ ስም አግኝቶ «በየስድስት ወሩ ፎርማት ማድረግ ጥሩ ነው» እስከ መባል ደርሷል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፦ ዊንዶውስን ደግሞ መጫን ለአሮጌ ዴስክቶፕ በአብዛኛው ጥገና አይደለም፤ ችግሩን ባለበት ትቶ፣ ስለ ችግሩ ሊነግረን የሚችለውን ማስረጃ የሚያጠፋ ሥራ ነው።

ልማዱ በተወለደበት ዘመን ግን ትክክል እንደነበር መካድ አይቻልም። ዊንዶውስ 95 እና 98 የራሳቸውን ፋይሎች የሚጠብቁበት መንገድ አልነበራቸውም። አንድ ጨዋታ ሲጫን የጋራ ፋይልን በራሱ አሮጌ ቅጂ ይተካና በማግስቱ ፕሪንተሩ አልሠራ ይላል፤ ፕሮግራሙ ሲነቀል ደግሞ ሌሎች የሚፈልጉትን ፋይል ይዞ ይሄዳል። ማን ምን እንደቀየረ ፈልጎ ከማግኘት ሁሉንም አጥፍቶ ከሲዲ እንደገና መጫን ይቀል ነበር። ሆኖም ዘመኑ ተለወጠ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2000 የወጣው ዊንዶውስ 2000 ዋና ፋይሎቹ ሲነኩ ራሱ የሚመልስበት ጥበቃ ይዞ መጣ፤ በ2001 የወጣው ኤክስፒ ያንኑ ጥበቃ ቤትና ቢሮ አደረሰው፤ ቪስታ ደግሞ ተራ የመጫኛ ፕሮግራም የሥርዓቱን ፋይሎች ጭራሽ እንዳይነካ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ የተበላሸ የሥርዓት ፋይልን ፈልጎ የሚተካ መሣሪያ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ የማንንም ሰነድ ሳይነካ ይሠራል። የ1998ቱ ምክር ግን ምክንያቱ ከሞተ በኋላም በሕይወት አለ።

የዛሬው አሮጌ ዴስክቶፕ ለምን እንደሚዘገይ ለማወቅ ግምት አያስፈልግም፤ ሒሳቡን መሥራት ይበቃል። በየቢሮው የምናየው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክና 4 ጊጋባይት ራም ያለው ነው። የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ በተለምዶ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል፤ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዙሩን ግማሽ መጠበቅ ግድ ነው፤ ማንበቢያው ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር ለመሄድ ሌላ 8 ወይም 9 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ሲደመር ዲስኩ በየቦታው የተበተኑ ትናንሽ ፋይሎችን በሰከንድ ከ80 ጊዜ ገደማ በላይ ማንበብ አይችልም። ዊንዶውስ 10 ሲነሣ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ንባቦችን ይጠይቃል፤ በላዩም ዝመናው፣ አንቲቫይረሱና የፋይል ፍለጋ ማውጫው ይሻማሉ። ተራ ኤስኤስዲ ተመሳሳዩን ንባብ በ0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይጨርሳል፤ ልዩነቱ መቶ እጥፍ ነው። የራሙም ነገር ወደዚሁ ይመለሳል። 4 ጊጋባይቱ ክሮም በተከፈተ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ይገፋል፤ ራም በናኖሰከንድ የሚሰጠውን መልስ ዲስኩ በሚሊሰከንድ ይሰጣል። ፎርማት ከዚህ ሒሳብ ውስጥ የትኛውን ቁጥር ይለውጣል? ዲስኩን በአንድ ዙር እንኳ አያፈጥነውም፤ ራሙንም በአንድ ባይት አያሰፋውም። ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ማቀዝቀዣው በአቧራ ሲታፈንና በፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው ቅባት ሲደርቅ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ብሩሽና ትንሽ ቅባት ነው። ቀኑ ወደ ኋላ እየሄደ ድረ ገጾች «ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ» እያሉ ሲዘጉ ጥፋቱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው። ለእርሷ ሲባል ሙሉ ሥርዓት መጫን ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት ወለሉን መወልወል ነው።

«ፎርማት ሲደረግ ግን በዓይናችን እናያለን፣ ይፈጥናል» የሚለው መልስ ከሁሉ በላይ የተለመደው ነው፤ ሐሰትም አይደለም። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ይፈጥናል፤ ምክንያቱም ገና ምንም አይሠራም። አብረው የሚነሡት ቴሌግራም፣ የፕሪንተሩ ፕሮግራም፣ አንቲቫይረሱ፣ ማን እንደጫናቸው የማይታወቁት ሦስት አራት «አፋጣኞች» ሁሉ የሉም። ዲስኩም ባዶ ስለሆነ ፋይሎቹ መረጃ በፍጥነት በሚነበብበት በዲስኩ ውጨኛ ክፍል ላይ ይሰፍራሉ። ግን ኮምፒውተሩ የሚፈለገው ለሥራ ነው፤ ለሥራ የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ይመለሳሉ፣ ዝመናዎቹም ይወርዳሉ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማሽኑ ከነበረበት ይገኛል። ከፎርማት የተገኘው እውነተኛ ጥቅም፣ ማለትም ሳይፈለጉ የሚነሡ ፕሮግራሞችን ማቆም፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ በታስክ ማኔጀር ውስጥ በጥቂት ደቂቃ የሚሠራ ነው። ከዚህ የባሰውን ደግሞ የኤክስፒ ዘመን ያሳየናል። ኤክስፒ ከዲስኩ ጋር ሲነጋገር ስድስት ስሕተት ከተጠራቀመ የመገናኛውን ፍጥነት አንድ ደረጃ ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ስሕተቱ ከቀጠለ እየወረደ ፒአይኦ የሚባለው እጅግ ዘገምተኛ ሁኔታ ላይ ይደርሳል። ፎርማት ሲደረግ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምርና ማሽኑ ተአምር እንደተደረገለት ይበርራል። ስሕተቱን ያመጣው የላላ ኬብል ወይም እየሞተ ያለ ዲስክ ግን እንዳለ ነው። ማስጠንቀቂያው ጠፋ፣ ባለቤቱ ተደሰተ፣ ዲስኩ መሞቱን ቀጠለ። ፎርማት «ሠራ» ሲባል ከምንሰማቸው ምስክርነቶች ስንቶቹ እንዲህ እንደሆኑ ማሰብ ይገባል።

ድንገት የመጥፋትና የሰማያዊ ገጽ ጉዳይ ከመንቀርፈፍ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ጥናት አለ። በ2011 የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ወደ አንድ ሚሊዮን ከሚጠጉ የተራ ሰዎች ኮምፒውተሮች የተላኩ የብልሽት መዝገቦችን መርምረው ነበር። ካገኙት ሁሉ ለክርክራችን የሚጠቅመው ይህ ነው፦ በሃርድዌር ጉድለት አንድ ጊዜ የወደቀ ማሽን ዳግም የመውደቁ ዕድል እስከ መቶ እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ በወሩ እንደገና ሰማያዊ ሲሆን «ዊንዶውሱ በደንብ አልተጫነም» ብሎ ሦስተኛ መጫን ከማስረጃው ጋር መጣላት ነው። በ2009 በጉግል የመረጃ ማዕከላት ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከራም ካርዶች 8 በመቶ ገደማው በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ስሕተት እንደሚያሳዩ አግኝቷል። የተበላሸ ራም ባለበት ማሽን ላይ ዊንዶውስ መጫን በተለይ አደገኛ ነው፤ የሚጫነው ፋይል ሁሉ በዚያው ራም በኩል ስለሚያልፍ አዲሱ ሥርዓት ገና ሲወለድ ስሕተት ይዞ ሊወለድ ይችላል። ዲስክንም በተመለከተ የ2007ቱ የጉግል ጥናት ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮችን አይቶ፣ በራሱ ፍተሻ የመጀመሪያውን የንባብ ስሕተት ያሳየ ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ የመሞቱ ዕድል ስሕተት ካላሳየው 39 እጥፍ እንደሚበልጥ ጽፏል። እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ ከዚያው ጥናት ሌላ ገጽ ሊያነብብኝ ይችላል፤ ከሞቱት ዲስኮች ከ56 በመቶ በላዩ ዋና ዋና በተባሉት አራት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ላይ ምንም አላሳዩም ነበር። እውነት ነው። ምርመራ ሁሉን አይገልጥም። ግን ይህ የሚያስተምረው ቀድሞ ቅጂ መያዝን ነው እንጂ ምርመራን መዝለልን አይደለም፤ ፎርማት የሚያደርገው ደግሞ ሁለቱንም መዝለል ነው።

እስካሁን ስለማይሠራ መድኃኒት ነው ያወራሁት። የሚጎዳ መድኃኒት መሆኑን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው የአማርኛ ጽሑፍ ያለው መሥሪያ ቤት ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ደብዳቤው፣ ቃለ ጉባኤውና የመጽሐፉ ረቂቅ የተጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች ነበር። እነዚህ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ የሚያስቀምጡ ስለሆኑ ፎንቱ ሲጠፋ ፋይሉ ቢኖርም የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ነው። ባለሙያው «ፋይሎቹን ወደ ዲ አስቀምጬልሃለሁ» ብሎ ይሄዳል፤ ውሸት አልተናገረም፤ ፎንቱን ግን አላስቀመጠም፣ የዚያ ፎንት መጫኛ ሲዲም የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ከቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ የተባለው ፎንት እንኳ በዊንዶውስ 10 ላይ ተለይቶ ካልተጨመረ አይገኝም። ሒሳብ ክፍሉ ሌላ ታሪክ አለው። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የድርጅቱን መዝገብ ሆን ተብሎ ቦታው ካልተቀየረ በቀር የሚያስቀምጠው ሲ ድራይቭ ውስጥ በራሱ ማኅደር ነው፤ ሰነድ በሚቀመጥበት የተለመደ ቦታ አይደለም። ዴስክቶፑና ዳውንሎዱም ሲ ውስጥ ናቸው፤ ብዙ ሰው ደግሞ የሚሠራበትን ፋይል ሁሉ የሚደረድረው ዴስክቶፑ ላይ ነው። «ዲ ላይ ያለው አይነካም» የሚለው ማጽናኛ እውነት የሚሆነው ሰው ሥራውን ዲ ላይ ቢያስቀምጥ ነበር።

ሌላው ጉዳት ደኅንነት ነው። ፎርማት የሚደረገው ብዙውን ጊዜ በባለሙያው ፍላሽ ላይ ባለ፣ ከዓመታት በፊት በወረደ የዊንዶውስ ቅጂ ነው። በመጋቢት 2017 ማይክሮሶፍት ለአንድ ከባድ ቀዳዳ መድፈኛ አወጣ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው በግንቦት ዋናክራይ የተባለው ተባይ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በብዙ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆለፈ። የተጠቁት አብዛኞቹ መድፈኛውን ያልጫኑ የዊንዶውስ 7 ማሽኖች ነበሩ። በአሮጌ ቅጂ ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር የተደፈኑለትን ቀዳዳዎች ሁሉ መልሶ ይከፍታል፤ የኢንተርኔት ዳታ ለመቆጠብ ዝመናው ከተዘጋ ደግሞ እንደተከፈቱ ይቀራሉ። በላዩ ክራኩ አለ። ዊንዶውሱን አክቲቬት ለማድረግ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን ዝጋ የሚል ፕሮግራም ማን እንደሠራው፣ ከአክቲቬሽኑ ሌላ ምን እንደሚሠራ የሚያጣራ የለም። የሚያስቆጨው፣ ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የሚገቡት ብዙዎቹ የድርጅት ዴስክቶፖች ሕጋዊ ፈቃዳቸውን ይዘው የሚመጡ መሆናቸው ነው፤ ከዊንዶውስ 8 ዘመን ወዲህ ቁልፉ ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጦ ይመጣል። ከፈቃዱ ጋር የማይገጥም እትም ሲጫንበት የተከፈለበት ፈቃድ ሥራ ፈትቶ በቦታው ክራክ ይገባል።

ከባለሙያዎች ወገን የሚመጣው ክርክር የሚናቅ አይደለም። ፎርማት ዋጋው የታወቀ፣ ሰዓቱ የታወቀ፣ ውጤቱም ለደንበኛው ወዲያው የሚታይ ሥራ ነው። ምርመራ ግን ሁለት ሰዓት ወስዶ «ዲስክህ እየሞተ ነው» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ሊያልቅ ይችላል፤ ለዐረፍተ ነገር የሚከፍል ደንበኛ የለም። ይህ ክርክር ልማዱ ለምን እንደዘለቀ በሚገባ ያስረዳል፤ ልማዱ ትክክል መሆኑን ግን አያስረዳም። ደግሞም የምርመራው ጊዜ እንደሚባለው አይደለም። ዲስኩ ስለ ራሱ የመዘገበውን ማንበብ የደቂቃ ሥራ ነው፤ የተተኩና በጥርጣሬ የተያዙ ክፍሎች ቁጥር እዚያው ተጽፎ ይገኛል። የራም ፍተሻ ማታ ተከፍቶ ጠዋት የሚታይ ነው፤ ሰው አጠገቡ መቀመጥ የለበትም። ሽፋኑን ከፍቶ አቧራውን ማየት ደግሞ ዊንዶውስ መጫኑን ከመጠበቅ ያጥራል። ደንበኛው ለምርመራ አልከፍልም የሚለው ምርመራ ቀርቦለት ስለማያውቅ ነው፤ ለሦስተኛው ፎርማት ግን ሲከፍል ይታያል።

የገንዘቡ ክርክር ይከተላል፦ «ኤስኤስዲና ራም መግዛት ከፎርማት ይወደዳል»። ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ እንደተወደደ ማንም አይስተውም፤ ይህን ክርክር በቀላሉ የሚያልፈው ሸምቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሆኖም ንጽጽሩ መደረግ ያለበት በአንድ ፎርማትና በአንድ ኤስኤስዲ መካከል አይደለም። በአንድ በኩል በየጥቂት ወሩ የሚደጋገመው ክፍያ፣ ሥራ የሚፈታበት ቀን፣ እንደገና የሚተየበው ሰነድና እንደገና የሚለቀመው ደረሰኝ አለ፤ በሌላው በኩል አንድ ጊዜ የሚገዛ፣ ማሽኑ ሲሞት ተነቅሎ ወደ ሌላው የሚዛወር ዕቃ አለ። ለቢሮ ሥራ 240 ጊጋባይት ይበቃል፤ በቀድሞው ሃርድ ዲስክ ቦታና ኬብል ላይ ይገጠማል፤ አሮጌው ዲስክ ጤነኛ ከሆነም ለሰነድ ማስቀመጫ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን፣ አዲሱ ዲስክ ሲገባም ዊንዶውስን ደግሞ መጫን ግድ አለመሆኑ ነው። ክሎንዚላን የመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች የአሮጌውን ዲስክ ይዘት እንዳለ ወደ አዲሱ ይገለብጣሉ፤ አዲሱ በመጠን ካነሰ አስቀድሞ የአሮጌውን ክፍልፋይ ማሳነስ ብቻ ይጠይቃል። ፎንቱም፣ ፒችትሪውም፣ የፕሪንተሩ ድራይቨርም አብረው ይሻገራሉ። ያው ዊንዶውስ፣ በዓመታት «ቆሻሻ» የተሞላ ነው የተባለው፣ ኤስኤስዲ ላይ ሲነሣ በአብዛኛው ማንም ስለ ቆሻሻው አያነሣም።

ፎርማት ፈጽሞ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ሥር የሰደደ ተባይ በገባበት ማሽን ላይ የትኛው ፋይል ንጹሕ እንደሆነ ማረጋገጥ ስለማይቻል ጠራርጎ መጫን ትክክለኛው እርምጃ ነው። በየፍላሹ የሚዞረው፣ ማኅደሮችን ወደ ሾርትከት የሚለውጠው ቫይረስ ግን ፍላሾቹ ካልጸዱ በዚያው ቀን ስለሚመለስ ብቻውን ለፎርማት ምክንያት አይሆንም። ኮምፒውተሩ ለሌላ ሰው ሲሸጥም ዲስኩ መጥፋት አለበት፤ ያን ጊዜ ደግሞ የተለመደው ፈጣን ፎርማት አይበቃም፤ የፋይሎቹን ማውጫ ብቻ ስለሚያድስ ውስጡ ያለውን በመልሶ ማግኛ ፕሮግራም ማውጣት ይቻላል። ሦስተኛው ምክንያት አዲስ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14፣ 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 እና ከኢንቴል ወገን ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ የብዙ ቢሮዎችን ማሽን ከደጅ ያስቀራል። ለእነዚህ ማሽኖች ዊንዶውስ 10ን ደግሞ መጫን መደበኛ መድፈኛው የተቋረጠበትን ሥርዓት ከባዶ መጀመር ነው። መጫን ካልቀረ ሊኑክስ ሚንትን የመሰለ፣ ድጋፉ ያልተቋረጠ ሥርዓት ቢጫን ይሻላል፤ ደብዳቤ ለሚጻፍበትና ኢንተርኔት ለሚታይበት ጠረጴዛ ይበቃል። ፒችትሪ ላለበት ጠረጴዛ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ እዚያ ያለው ምርጫ ማሽኑን ከኢንተርኔት ነጥሎ ማቆየት ወይም ሌላ ማሽን መግዛት ነው።

ልማዱን ለመለወጥ ሥልጠና ወይም ዘመቻ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የጥገና ቅጽ «የተወሰደ እርምጃ» የሚል ሣጥን አለው፤ ውስጡም አንድ ቃል ተጽፎበት ይመለሳል። ከሣጥኑ በላይ ሦስት መስመር ይጨመርበት፦ ዲስኩ ስለ ራሱ የመዘገበው የተተኩና የተጠረጠሩ ክፍሎች ቁጥር፣ የራም ፍተሻው ውጤት፣ ቅጂው የት እንደተቀመጠና ፎንቱና የሒሳብ መዝገቡ በውስጡ መኖራቸውን ያየው ሰው ስም። ሦስቱ መስመሮች ባዶ ሆነው ከመጡ የንብረት ክፍሉ ክፍያውን አይፈርም።